ስፓይደርማን የማን ነው? ዮሐንስስ የማን ናቸው?

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነው፡፡ ገንዳ ውኃ ላይ ነን፡፡ ወሩ መጋቢት ነው፤ የምዕራብ ጎንደርን ቆላ በመጋቢት ያየ ሰው ምን ማለታችን እንደሆነ ይገባዋል፡፡ ሙቀቱ ሥራ ያስፈታል፤ ጨዋታ ግን አያስፈታም፡፡ አንዲት ሻይ ቤት ጥላ ሥር ስድስት ሆነን ተኮልኩለናል፡፡ ከመካከላችን ሁለቱ ሌሊቱን በሞባይል ፊልም ሲያዩ አድረው ስለነበር ክርክሩን ከዚያው ቀጠሉት፡፡

‹‹ስፓይደርማን የአቬንጀርስ ልጅ ነው፡፡ ከእነ አይረን ማን ጋር ሲሆን ነው የሚያምርበት›› አለ አንደኛው፡፡

‹‹የምን ልጅ ነው? ስፓይደርማን የራሱ ቤት አለው፡፡ ሰው ቤት ገብቶ የሀብታም ተላላኪ ሆነ እንጂ ምን ተጨመረለት?›› አለ ሌላኛው፡፡

‹‹ሁለታችሁም ተዉት! ሱፐርማን ቢመጣ ሁሉንም በአንድ እጁ ነው የሚያነሣቸው›› ብሎ ሦስተኛው ነገሩን አባባሰው፡፡ ጫጫታው ከመድመቁ የተነሣ የሻይ ቤቷ ባለቤት ‹‹ልጆች፣ እነዚህ ሰዎች ዘመዶቻችሁ ናቸው እንዴ?›› ብላ ጠየቀችን፡፡ ሁላችንም ሳቅን፡፡

እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር፡፡ አንዱ ወዳጃችን ግን ‹‹የፈረንጅ ጀግና ላይ ከምትጨቃጨቁ የራሳችሁን አታነሡም? ከአፄ ቴዎድሮስና ከአፄ ዮሐንስ ማን ይበልጣል?›› አለ፡፡ ለተወሰነ ጊዜ ጸጥታ ሆነ፡፡ ከዚያ አንዱ መለሰ፤ ሌላው ተቃወመ፤ ሦስተኛው ‹‹አንተማ ለእሳቸው የምትከራከረው ለምን እንደሆነ እናውቃለን፤ የእናትህ አገር ወዴት ነው?›› አለው፡፡ የተጠየቀው ልጅ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ፡፡ የራሱን ሂሳብ ከፍሎ፣ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ፡፡

ስለ ስፓይደርማን ተሟግተን ስቀን ነበር፡፡ ስለ ነገሥታቱ ስንሟገት ግን ጓደኛ አጣን፡፡ ለምን? ይህ ጥያቄ ለሳምንታት አልለቀቀንም፡፡ እስቲ አብረን እንየው፡፡

የሚለያየው ማን ነው?

ከቀላሉ እንጀምር፡፡ ስፓይደርማን ለምን ሁለት ቤት ኖረው? ታሪኩ ስላልገጠመ እንዳይመስላችሁ፡፡ በኮሚክስ መጽሔቶቹ ውስጥ ስፓይደርማን፣ አይረን ማንና ፋንታስቲክ ፎር በአንድ ኒውዮርክ ከተማ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው፡፡ የለያያቸው ገንዘብ ነው፡፡ ማርቭል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኪሱ ሲራቆት የጀግኖቹን የፊልም መብት እየቸረቸረ ሸጠ፤ በዲሴምበር 1996 ጭራሽ የኪሳራ አቤቱታ አስገባ፡፡ በዚያ ዘመን ሽያጭ የኤክስ ሜን መብት ለፎክስ፣ የስፓይደርማን መብት ለሶኒ ሆነ፡፡ ሶኒ በ2002 የመጀመሪያውን የስፓይደርማን ፊልም ሲያወጣ ገንዘቡን በአካፋ ዛቀው፡፡ ማርቭል በ2008 በአይረን ማን የራሱን ፊልም ሲጀምር ግን የገዛ ልጁን ወደ ሠርጉ መጥራት የማይችል አባት ሆኖ ነበር፡፡

ሁለቱ ኩባንያዎች በ2015 ተስማሙና ስፓይደርማን በ2016 ከእነ ካፒቴን አሜሪካ ጋር ታየ፡፡ በኦገስት 2019 ደግሞ በትርፍ ክፍፍል ተጣሉ፡፡ ያኔ ነው ደጋፊው በዓለም ዙሪያ የተንጫጫው፡፡ ‹‹ልጃችንን መልሱ›› የሚል አለ፤ ‹‹ይሻለዋል፣ ብቻውን ይሁን›› የሚልም አለ፡፡ አንድ ወር ገደማ ቆይተው ታረቁ፡፡ በዲሴምበር 2021 በወጣው ፊልም ደግሞ በተለያዩ ዘመናት ስፓይደርማንን የሠሩት ሦስቱ ተዋናዮች በአንድ ላይ ቆሙ፡፡ ዲዝኒም በማርች 2019 የፎክስን ንብረት በ71 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ስለገዛ፣ ለሃያ ዓመት ያህል ለብቻው የኖረው ዎልቨሪን በ2024 ከዴድፑል ጋር ሆኖ ወደ ማርቭል ሠፈር ተሻገረ፡፡ ሱፐርማንና ባትማን የተቀናቃኙ የዲሲ ስለሆኑ ከእነ ስፓይደርማን ጋር በፊልም ተገናኝተው አያውቁም፡፡ በወረቀት ግን በ1976 ሱፐርማንና ስፓይደርማን በአንድ መጽሔት ተገናኝተዋል፡፡ እንደ ወግ ነውና መጀመሪያ ተደባደቡ፤ ቀጥሎ ለጋራ ጠላት አብረው ተሰለፉ፡፡

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው አንድ ነገር ነው፡፡ ጀግኖቹን የለያያቸው የተጻፈላቸው ታሪክ አይደለም፡፡ ውል ነው፡፡ ‹‹የእኛ ቤት›› እና ‹‹የእነሱ ቤት›› የሚባለው አጥር ከተረቱ በኋላ የመጣ፣ በጠበቆች የተዘጋጀ ወረቀት ነው፡፡ ደጋፊው ግን ያንን ወረቀት እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቆጥሮት ይጣላበታል፤ ከትርፉ ግን ሳንቲም አይደርሰውም፡፡

የፈረስ ስም ያላቸው ጀግኖች

አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ፡፡ እኛም እኮ ስማቸውን ቀይረው የሚዋጉ ጀግኖች ነበሩን፡፡ አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ! ፈረንጅ ለጀግናው ጭምብል ሲያጠልቅለት የእኛ ሰው የፈረስ ስም ያወጣለታል፡፡ አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ ዮሐንስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ነጋ ደግሞ ራስ አሉላ ናቸው፡፡

ዛሬ እነዚህ ጀግኖች በየስቱዲዮው የተከፋፈሉ ይመስላሉ፡፡ ቴዎድሮስ የጎንደር፣ ዮሐንስ የትግራይ፣ ምኒልክ የሸዋ፡፡ ቲሸርቱ ለየብቻ፣ ዘፈኑ ለየብቻ፣ ደጋፊውም ለየብቻ፡፡ ‹‹ማን ይበልጣል›› የሚለው ጥያቄ ‹‹አንተ የማን ነህ›› ወደሚለው የሚቀየረው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ታሪኩ ራሱ ግን ምን ይላል?

እኛ የተጣላንበትን ቦታ ተመልከቱ፡፡ ምዕራብ ጎንደር ውስጥ ቋራ የሚባል ወረዳ አለ፤ መተማ የሚባልም ወረዳ አለ፡፡ ጎረቤታሞች ናቸው፡፡ ቋራ የካሳ ኃይሉ አገር ነው፤ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፡፡ መተማ ደግሞ ካሳ ምርጫ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የተባሉት፣ የወደቁበት ነው፡፡ ሁለት ካሳዎች! አንዱ በዚህ ቆላ ተነሣ፤ ሌላው በዚህ ቆላ ተሠዋ፡፡ የድንበሩ ከተማም ስሟ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ነው፡፡ ‹‹የቴዎድሮስ አገር›› በምንለው ቆላ ላይ የትግራዩ ተወላጅ ንጉሥ ስም ተተክሏል፡፡ ይህን ስም በየቀኑ አውቶቡስ ተራ እየጠራን ‹‹ዮሐንስ የማን ናቸው?›› ብለን መጣላታችን አይገርምም?

የተቀናቃኝ ቤት ውስጥ የተጫነ ዘውድ

የመጀመሪያውን ካሳ እንከተል፡፡ (ዘውድ እስኪጫን ድረስ አንቱ አንለውም፤ ሽፍታ አንቱ አይባልምና፡፡) ቋራና አካባቢዋ ከሱዳኑ የግብፅ ጦር ጋር ፊት ለፊት የሚታዩ የጦር በር ነበሩ፡፡ የቋራና የደምቢያ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. ይህንን ጦር ድል አድርገዋል፡፡ የእሳቸው ዘመድ የነበረው ካሳ በዚህ ቆላ ሸፍቶ አደገ፤ የወሰን ላይ ውጊያም ትምህርት ቤቱ ሆነ፡፡ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ያንኑ ጦር ገጥሞ ክፉኛ ተሸነፈ፡፡ ጀግንነት ብቻውን መድፍ እንደማያስቆም ያወቀው እዚያ ነው፡፡ በኋላ ‹‹መድፍ፣ መድፍ›› እያሉ የጋፋትን ፈረንጆች ሴባስቶፖልን ያሠሯቸው ንጉሥ የተወለዱት በዚያ ሽንፈት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፡፡

ከዚያስ? ካሳ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አገባ፡፡ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አማቱን ራስ ዓሊን አሸነፈ፡፡ የቀረው የሰሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ነበሩ፡፡ ውቤ ደረስጌ ላይ ያማረ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ ዘውድ ሊጭኑ ተዘጋጅተው ነበር፡፡ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጋቸውና፣ ውቤ ለራሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ‹‹ቴዎድሮስ›› ተባሉ፡፡ የተቀናቃኝ ስቱዲዮ ውስጥ ገብቶ፣ በተቀናቃኝ ገንዘብ በተሠራ መድረክ ላይ የራስን ፊልም መጀመር ማለት ይኼ ነው!

ነገሩ በዚህ አላበቃም፡፡ ተዋበች ከሞቱ በኋላ ቴዎድሮስ ያገቡት የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን ነው፤ ልዑል ዓለማየሁ የተወለደው ከእሳቸው ነው፡፡ የሸዋውን ሕፃን ልዑል ምኒልክን ማርከው ወሰዱት፤ አሳደጉት፤ ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩለት፡፡ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ ሸዋ ገባ፡፡ ‹‹የጎንደሩ›› ጀግና የ‹‹ሸዋው›› ጀግና አሳዳጊም፣ አሳሪም፣ አማትም ናቸው ማለት ነው፡፡ ታዲያ በየትኛው መደርደሪያ ላይ ነው የምናስቀምጣቸው?

ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ

ሁለተኛው ካሳ ደግሞ ታሪኩ በሰላምታ አይጀምርም፡፡ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት ካሳ ምርጫ በአገሩ አሳልፎታል፤ ስንቅም እንዲያገኝ ረድቶታል፡፡ ጦሩ ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ ትቶለት ሄደ፡፡ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ፡፡ የቴዎድሮስ ደጋፊ ይህንን ሲያነሣ የዮሐንስ ደጋፊ አንገቱን ይደፋል፡፡ መድፋት የለበትም፤ መካድም የለበትም፡፡ የሆነ ነገር ነው፡፡

በዚያው መሣሪያ ካሳ በ1863 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስን ዓድዋ አጠገብ አሸነፈ፤ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ነገሡ፡፡ በ1868 ዓ.ም. የግብፅን ጦር ጉንደት ላይ፣ ቀጥሎም ጉራዕ ላይ ድባቅ መቱት፡፡ ልብ በሉ፤ ያ የመጀመሪያውን ካሳ ደባርቂ ላይ ያሸነፈው መንግሥት ነው፡፡ የቋራው ካሳ የጀመረውን ሒሳብ የተምቤኑ ካሳ ዘጋው፡፡ ፊልም ቢሆን ኖሮ ‹‹ክፍል ሁለት›› ይባል ነበር፡፡

ከዚያ የሱዳኑ የማህዲ ንቅናቄ መጣ፡፡ ዮሐንስ በግንቦት 1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ዓድዋ ላይ በተፈራረሙት ውል መሠረት በማህዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ረዱ፡፡ (እዚህም ውል አለ፤ የውልን ነገር ቀድመን ያነሣነው በከንቱ አይደለም፡፡) በዚህ ረድኤት ምክንያት ማህዲስቶች የኢትዮጵያ ጠላት ሆኑ፤ ምጽዋንም እንግሊዝ አይታ እንዳላየች ሆና በ1877 ዓ.ም. ጣልያን ገባባት፡፡ መተማ የእሳት በር ሆነች፡፡ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1879 ዓ.ም. መተማ ዘልቀው የማህዲስቱን ጦር አሸነፉ፡፡ በዓመቱ በጥር 1880 ዓ.ም. የማህዲስቱ አዛዥ አቡ አንጃ ተመልሶ ሳር ውኃ ላይ ተክለ ሃይማኖትን አሸነፈና ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፡፡

እዚህ ላይ ቆም በሉ፡፡ የተቃጠለው ጎንደር ነው፡፡ የተሸነፈው የጎጃም ጦር ነው፡፡ ከሰሜን ጣልያን ምጽዋ ይዞ ወደ ደጋው እየተንፏቀቀ ነው፡፡ ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ተመካክረዋል ተብለው ተጠርጥረዋል፡፡ ዛሬ በየደጋፊ ቡድናችን ሒሳብ ብናሰላ ዮሐንስ ‹‹ይኼ የእኔ ቤት አይደለም›› ብለው ወደ መቀሌ መመለስ ነበረባቸው፡፡ አልተመለሱም፡፡ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የማህዲስቱን ምሽግ ገጠሙ፡፡ ጦራቸው አጥሩን ጥሶ ገብቶ ወደ ማሸነፉ ተቃርቦ ሳለ ንጉሡ በጥይት ተመቱ፡፡ የንጉሡ መቁሰል ሲሰማ ጦሩ ተፈታ፤ ድል የነበረው ሽንፈት ሆነ፡፡ በማግስቱ አረፉ፡፡ አስከሬናቸውን ይዘው ወደ ኋላ የሚመለሱትን ሰዎች ዘኪ ጡማል የሚመራው ጦር ደርሶባቸው የንጉሡን ራስ ወደ ኦምዱርማን ወሰደ፡፡

የትግራዩ ተወላጅ በቴዎድሮስ ቆላ፣ ጎንደርን ባቃጠለ ጦር ፊት ወደቁ፡፡ ያ ከሻይ ቤት ተነሥቶ የሄደው ወዳጃችን ‹‹የእናትህ አገር ወዴት ነው?›› ተብሎ የተጠየቀው እዚህ አፈር ላይ ነው፡፡ ንጉሡን እዚሁ አፈር ላይ ማንም እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው አይመስለንም፡፡

ትልቁ መገናኛ

‹‹ይህ የአንድ ንጉሥ ጉዳይ ነው›› የሚል ካለ ሰባት ዓመት እንሻገር፡፡ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ዓድዋ፡፡ መሪው አባ ዳኘው ምኒልክ ናቸው፡፡ አጠገባቸው እቴጌ ጣይቱ አሉ፤ የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ፡፡ ደረስጌ ላይ የተሸነፈው ቤት ዓድዋ ላይ በጣይቱ በኩል ተሰልፏል፡፡ ራስ መንገሻ አሉ፤ ዮሐንስ መተማ ላይ በሞት አፋፍ ሆነው ‹‹ልጄ ነው›› ያሏቸው፣ ዘውዱን ግን ምኒልክ የቀደሟቸው፡፡ ራስ አሉላ አሉ፤ የዮሐንስ ቀኝ እጅ፣ ከመተማ ሽንፈት ተርፈው የመጡ፡፡ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አሉ፤ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ በምኒልክ ጦር ተሸንፈው የተማረኩት፡፡ የወሎው ራስ ሚካኤል አሉ፤ በዮሐንስ ዘመን ከኢማም መሐመድ ዓሊነት ወደ ክርስትና የተለወጡት፡፡

ይህንን የስም ዝርዝር አንድ የሆሊውድ ጸሐፊ ቢያቀርብ ‹‹አይታመንም፣ ሁሉም ተጣልተው ነበር እኮ›› ብለው ይመልሱበታል፡፡ ሁሉም በአንድ ሜዳ ተሰለፉ፡፡ ማርቭልና ሶኒ አንድ ስፓይደርማን ለመዋዋስ ስንት ጠበቃ አቆሙ፤ እነዚህ ሰዎች ግን ከነቂማቸው መጡ፡፡

‹‹ከነቂማቸው›› የምትለዋን ቃል አስምሩባት፡፡ የእኛ ጽሑፍ ‹‹ሁሉም ወንድማማች ነበሩ፣ ፍቅር ብቻ ነበር›› የሚል ማር እንዲሆን አንፈልግም፡፡ አልነበረም፡፡ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. የገዛ አገራቸውን ጎንደርን ዘርፈው አቃጥለዋል፡፡ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎን ሙስሊሞች በግድ እንዲጠመቁ አድርገዋል፤ ወደ መተማ ከመዝመታቸው በፊትም ጎጃምን ክፉኛ አጥፍተዋል፡፡ ምኒልክ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁ በሁለት ወር ውስጥ ውጫሌ ላይ ከጣልያን ጋር ተዋውለዋል፡፡ ራስ መንገሻም ከዓድዋ በኋላ ሸፍተው አንኮበር ታስረው ነው የሞቱት፡፡ ደጋፊ ሲሆኑ ይህ ሁሉ ይጠፋል፡፡ ደጋፊ የጀግናውን ድል ይቆጥራል፤ የጀግናውን በደል ግን ለተቀናቃኙ ቡድን ያስረክባል፡፡ ተቀናቃኙም በተራው እንደዚሁ፡፡ ታሪክ ግን ሁለቱንም በአንድ እጅ ይይዛል፡፡

ማን ነው ያዋዋላቸው?

ታዲያ ይህ የስቱዲዮ ክፍፍል ከየት መጣ? በነገሥታቱ ዘመን መቀናቀን ነበር፤ ‹‹የማን ልጅ ነው›› የሚልም ነበር፡፡ ነገር ግን ስማቸውን አንሥተው ቲሸርት ላይ ያተሙት፣ አንዱን በአንዱ ላይ ያስነሡት በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው፡፡ ሥነ ጽሑፉን ተመልከቱ፡፡ ቴዎድሮስ ብዙ ‹‹ፊልም›› የተሠራላቸው ጀግና ናቸው፡፡ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ‹‹የቴዎድሮስ ዕንባ››፣ አቤ ጉበኛ በ‹‹አንድ ለእናቱ››፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በተውኔት ጽፈውላቸዋል፡፡ ዘመናዊ ትምህርት የቀመሰው ትውልድ አገርን አንድ ለማድረግና ለማዘመን ያለመውን የራሱን ሕልም በቴዎድሮስ ላይ ጫነበት፡፡ ዮሐንስ ግን በዚያ ልክ ደራሲ አላገኙም፡፡ የደራሲው ብዛት የጀግንነቱ ልክ አይደለም፤ የደራሲው ዘመን ምን እንደፈለገ ነው የሚነግረን፡፡

ቀጥሎ ፖለቲካው መጣና ጀግኖቹን በክልል አከፋፈለልን፡፡ ማርቭል ኪሱ ሲራቆት ጀግኖቹን እንደቸረቸረው ሁሉ፣ እኛም ሐሳብ ሲያጥረን ነገሥታቱን ቸረቸርናቸው፡፡ በዚህ ንግድ ያተረፈው ማን ነው? የቋራ ገበሬ አላተረፈም፤ የተምቤን ገበሬም አላተረፈም፡፡ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የእኛ ዕድሜ ልጆች ሲረግፉ አይተናል፤ የነገሥታቱ ስምም በየወገኑ ለዘፈንና ለመፈክር ሲጠራ ሰምተናል፡፡ የሻይ ቤቱ ክርክር ቀልድ ሆኖ መቅረት ያልቻለው ለዚህ ነው፡፡ ስፓይደርማን ቢሸነፍ የሚቀበር ሰው የለም፡፡

ድልድዩ

መተማ ዮሐንስ ላይ አንድ አጭር ድልድይ አለ፡፡ ከወዲህ መተማ፣ ከወዲያ የሱዳኗ ገላባት ናት፡፡ ከወዲያ ባለው ታሪክ የመጋቢቱ ጦርነት ድል ነው፤ ጀግናውም ዘኪ ጡማል ነው፡፡ አንድ ሜዳ ነው፤ ሁለት ስቱዲዮ ነው የሚሠራበት፡፡

ያንን ወሰን ግን ሰው ሲሻገረው ነው የኖረው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1822 የመሐመድ ዓሊን ልጅ ኢስማኢልን ሸንዲ ላይ በእሳት ያጋየው መክ ኒምር ከበቀል ሸሽቶ የተጠጋው በኢትዮጵያ ወሰን ነው፤ የሱዳን ጀግና በሐበሻ ጥላ ሥር ማለት ነው፡፡ ዮሐንስ ራሳቸው በመጨረሻው ዘመቻ ዋዜማ ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ልከው ነበር፤ እኛና እናንተ ብንጨራረስ የሚያተርፉት አውሮፓውያን ናቸው የሚል መንፈስ ያለው፡፡ የተሰጣቸው መልስ ስድብ ነበር፡፡ ከዚያ በኋላ የሆነውን እናውቃለን፡፡ ዮሐንስ በወደቁ በዘጠኝ ዓመት ገደማ እንግሊዝ ኦምዱርማንን ያዘች፤ የማህዲስቱም መንግሥት ወደቀ፡፡ ያ ደብዳቤ ሰሚ ቢያገኝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይህ ለእኛ ‹‹ማን ይበልጣል›› ከሚለው ክርክር በእጅጉ የተሻለ ክርክር ነው፡፡

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በዚያች ድልድይ ሰው ጎረፈ፡፡ ሱዳናዊውም፣ ለሥራ ሄዶ የነበረው የእኛ ሰውም፣ ሻንጣ ያንጠለጠለም፣ ባዶ እጁን የመጣም፡፡ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማህዲ ወገን ማን እንደሆነ፣ የዮሐንስ ወገን ማን እንደሆነ የጠየቀ ይኖር ይሆን? የተጠማ ሰው የሚጠይቀው ውኃ ነው፡፡

ስናጠቃልል ‹‹ከቴዎድሮስና ከዮሐንስ ማን ይበልጣል?›› ለሚለው መልስ የለንም፤ ጥያቄውንም አንወደውም፡፡ ከእሱ ይልቅ ‹‹ማን ለማን መጣ?›› ብሎ መጠየቅ ይሻላል፡፡ ዮሐንስ ለጎንደር መጡ፡፡ አሉላና መንገሻ ለምኒልክ ዘመቱ፡፡ የውቤ ወንድም ልጅ ለዓድዋ ተሰለፈች፡፡ ያልመጣም አለ፤ ዘግይቶ የመጣም አለ፤ መጥቶ ያጠፋም አለ፡፡ ይህንን ስንቆጥር ጀግናው ከአንድ ቤት መደርደሪያ ይወርድና የሁላችን ይሆናል፤ በደሉም እንደዚሁ የሁላችን ይሆናል፡፡

በነገራችን ላይ፣ ሻዩን ሳይጨርስ የሄደውን ወዳጃችንን በሳምንቱ ቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፡፡ ‹‹የእናትህ አገር ወዴት ነው?›› ብሎ የጠየቀው ልጅም አብሮን ነበር፤ ብዙ አልተናገረም፣ ግን መጣ፡፡ እናቱ ቡና አፈሉልን፡፡ ሦስተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ ወዳጃችን ራሱ ቀድሞ አፉን ከፈተ፡፡

‹‹እሺ፣ ስፓይደርማንስ የማን ነው?›› አለ፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡